ጥማድ ባንድ በሌላ ሰው ሠርግ

ጋሽ ሽታሁንን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣቸው ብዙ አይደለም፤ ለማሲንቆው ጭራ ቁራጭ ሙጫ፣ ለጉሮሮ ዝንጅብል ያለው ሻይ፣ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ደግሞ ባጃጅ። ከመምህር ገብረ ሚካኤል ጋር የሚገጥሙት ሙግት ግን በነፃ ነው። እሱን ሳይቀምሱ አይውሉም።

ሙግቱ ስለ አንድ ዘፈን ነው፤ ማን ጀመረው? መልሱ ያለው በአንድ ካሴት ላይ ነው፣ ካሴቱ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም።

መምህሩ በ1986 ዓ.ም. ቢቸና ተመድበው ሲመጡ ከሻንጣቸው ጋር ጊታርና የድምፅ ማጉያ ይዘው ወረዱ። ጋሽ ሽታሁን ያኔም የሠርግ ማሲንቆ መቺ ነበሩ፤ ባለቤታቸው እትዬ በዛብሽ ከበሮ ይመታሉ። ሦስቱ አንድ ቀን አብረው ቢሞክሩት ሰው ወደደላቸው። ማሲንቆና ጊታር እንደ በሬ አብረው ስለተጠመዱ ስማቸው «ጥማድ ባንድ» ሆኖ ቀረ። ከቢቸና እስከ ግንደወይን ያላስጨፈሩት ዳስ የለም ማለት ይቻላል።

በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ሞጣ ለሠርግ ተጠሩ። ጥር ነውና ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ድረዋል፤ ዳሶቹን የሚለያቸው አንድ ሸራ ብቻ ነው። እነጋሽ ሽታሁን ከአውቶቡስ ወርደው መጀመሪያ ያገኙት ዳስ ገቡ። በእኛ አገር ዳስ የገባን ሰው «ማን ጠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተቀመጡ ተባሉ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ጀመሩ። ጋሽ ሽታሁን አስቀድሞ በተነገራቸው ስም የሙሽራውን አባት፣ አቶ መንግስቴን፣ ማወደስ ያዙ። እድምተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

ሸራው ተገለጠና አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «መንግስቴ እኔ ነኝ! ስሜ እዚህ ይዘፈናል፣ የእኔ ዳስ ለቅሶ ቤት መስሏል! ባንዴን መልሱልኝ!»

«ጠላችንን ጠጥተዋል፤ አንመልስም!» አሉ የዚህኛው ዳስ ባለቤት አቶ ታደለ።

ነገሩ ሊከር ሲል እትዬ በዛብሽ ከበሯቸውን አንግተው ተነሡ። «እኛ ለሁለት አንቆረጥም። ይልቅ ሸራውን አውርዱት!»

ወረደ። ሁለቱ ሠርግ አንድ ሆነና ሁለቱም ሙሽሮች ጎን ለጎን ጨፈሩ። ያ የሚሟገቱበት ዘፈን የተወለደው በዚያ ሙቀት መካከል ነው፤ ማንም አላጠናውም። ከዚያ ወዲህ «የሞጣውን!» ሳይባል የሚያልቅ ሠርግ የለም።

«በማሲንቆዬ ነው የተጀመረ» ይላሉ ጋሽ ሽታሁን።

«በጊታሬ ነው እንጂ! አንተማ ያኔ አጥንት እየጋጥክ ነበር» ይላሉ መምህሩ።

«አጥንቱን ጥዬ ነዋ የጀመርኩት!»

«ሁለታችሁንም የቀሰቀሳችሁ ከበሮዬ ነው» ይላሉ እትዬ በዛብሽ ከጓዳ።

እስካሁን ይሄ ሳቅ ብቻ ነበር። ዘንድሮ፣ በ2010፣ ግን የእነጋሽ ሽታሁን ልጅ ሀይማኖት ማሲንቆውን እየተረከበች ነው። ዘፈኑን እንደተወለደ መማር ትፈልጋለች፤ አባቷ አንድ ዓይነት፣ መምህሩ ሌላ ዓይነት ያስጠኗታል። ልጅቷ ግራ ገብቷት «ማሲንቆውን ሳልይዘው ልታስጥሉኝ ነው» ብላ አኮረፈች። ይሄኔ ነው ጋሽ ሽታሁን የደነገጡት። በሞጣው ሠርግ ቀን አንድ እድምተኛ ቴፕ ታቅፎ ሲቀዳ ሁሉም አይቷል፤ ማን እንደነበር ግን የሚያውቅ ጠፋ።

ስለዚህ ይህን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፦ «ሞጣ ያላችሁ፣ ከዚያ ድርብ ሠርግ የተቀዳ ካሴት በቤታችሁ ካለ እባካችሁ ላኩልን። ቢቸና መናኸሪያ ‹ሽታሁን ባለማሲንቆው› ካላችሁ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። በጊታር የሚጀምር ከሆነ ግን፣ አደራችሁን፣ መጀመሪያ ለእኔ ብቻ አሰሙኝ።»