የተወሰደብኝ ስድብ

በጃንሆይ ጊዜ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት መጣ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ ደህና ቀን አልነበረም። በአገሩ ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ እየቀለበ ደሞዝ ይበላ ነበር አሉ። ኳስ ቀልቦ ደሞዝ! እኔ ስንት ዓመት የታችኛውን ደብር ልጆች ገና ሳጫውት፣ ቅልጥሜ በዱላ ሲላጥ፣ ማን ምን ሰጠኝ? ያለችኝ ያቺው አለቅነቴ ነበረች።

እሷንም ወሰዳት። የገና ለት ሜዳው ላይ ተሰብስበን ሳለ የነፍስ አባቴ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ አስተማሪው ይምራችሁ። እንግዳ ነው፤ ደግሞም ሙያው ነው።»

«እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ፣ አባ» አልኩ። ዱላዬን ይዤ ከተራው ተጫዋች ጋር ተሰለፍኩ።

ጨዋታው ሲጋጋል ተጋጣሚዎቻችን፣ የላይኛው ደብር ልጆች፣ የመቷት የጠፍር ኳስ እየበረረች መጣች። ፈረንጁ ቁጢጥ አለና በባዶ እጁ ቀለባት። በገና ጨዋታ ኳስ የሚነካው ዱላ እንጂ እጅ አይደለም! ላይኞቹ ጮኹ፤ ኳሷ ተሰጠቻቸው፤ አገቡና አሸነፉ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። በቃ ተዋረደ አልኩ።

ምን ይዋረዳል! በእኛ ዘንድ አሸናፊው የተሸናፊውን አለቃ ከቦ በዘፈን ይሰድባል፤ ጠላ እስኪያወጣም አይለቀውም። በተሸነፍን ቁጥር የሚሰደበው እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ስድቤን ሲያወራ ይከርማል። ያን ቀን እሱን ከበቡት፦

«ቁጢጥ ቢልብን ዞር አልንለት፣
ለካ ኳስ ሊወልድ ምጥ ይዞት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ፈረንጁ ምንም ሳይገባው እየሳቀ ያጨበጭባል። እኔ ዱላዬን ይዤ ዳር ቆምኩ፤ የሚሰድበኝ ጠፋ። ከላይኞቹ አንዱን ጎልማሳ ጠጋ ብዬ «እኔስ?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ምን አደረግህና?» ብሎኝ ወደ ዘፈኑ ተመለሰ።

ኋላ አስተማሪዎቹ እንደነገሩኝ፣ ሰውዬው አገሩ ገብቶ የኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ማሠልጠን እንግዲህ እሱ ያውቃል! ጎልምሼ በቆጠርኩት ፊደል ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

እሱ በሄደ በዓመቱ አለቅነቴ ተመለሰችልኝ። ተሸነፍን። ከበቡኝ፤ የእኔን ስድብ ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። የዘፈኑት የፈረንጁን ነበር። ጠላውን ግን የጠጡት የእኔን ነው።