ያዘዝኩት ቶብ

ቶቡ፣ ያ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ስስ ልብስ፣ እስከዛሬ ሻንታዬ ውስጥ ከነላስቲኩ አለ። ማንም ለብሶት አያውቅም። ክረምት ሲገባ ላስቲኩ ያልበዋል፣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ያወጣል፣ ያኔ ያ ዳገት ይመጣብኛል። ትናንት ሚስቴ አውጥታ "የማን ነው? ልልበሰው እንዴ?" አለችኝ። ጮህኩባት። እሷ ምን አደረገች?

ያኔ መተማ፣ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ አረም ላይ ነበርን። እኔ የዚሁ የቆላው ልጅ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍልን አቋርጬ የወጣሁ። አብሮኝ የሚያድረው ከወሎ ለሥራ የመጣ ልጅ ነበር፤ አንድ የላስቲክ ሸራ ለሁለት ነበር የምንለብሰው። ካምፑ ኔትወርክ የለውም። ለመደወል ከጀርባ ያለውን ተራራ መውጣት ነው፤ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ የሞላው ቀጥ ያለ ዳገት። አናቱ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ ከቆምክ ይሰራል፣ ከወረድክ ጠፋ።

እሁድ ነበር፣ ሰማይ የተነደለ ይመስል ያወርደዋል። ልጁ ግን እናቱ ታማበት አላስቀምጥ አለው። "ዛሬ ካልደወልኩ ወላሂ ነገ አላርምም!" አለ። የሥራ አለቃችንን፣ የካቦውን ስልክ ለምነን፣ በፌስታል ጠቅልለን ወጣን። ታች ዋልካው ጫማችን ላይ እየተለጠፈ እግር አላነሳ አለን፤ ከፍ ስንል ደግሞ የረገፈው የሽመል ቅጠል እንደ ሳሙና ያዳልጣል። እኔ ሽመል እየጨበጥኩ፣ እሱ የኔን ቀበቶ ይዞ።

"የደጋ ሰው ዳገት ይፈራል እንዴ?" አልኩት።

"የኛ ዳገት ድንጋይ ነው፣ የናንተው ገንፎ!"

ድንጋዩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ስልክ የምነካካው እኔ ስለነበርኩ፣ ደውዬ ላቀብለው ወጣሁ። እሱ ከስር ቆሞ ሸራውን በዱላ ወጥሮ ያዘልኝ።

አጎቱ አነሳ።

"ማነህ?"

"ጓደኛው ነኝ።"

"አጠገብህ አለ?"

"ከስር ነው።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዳይሰማህ" አለኝ። "እናቱን ሐሙስ ቀበርናት። ለትልቅ ሰው ንገርና በማለዳ ተሰብስበው ያርዱት። አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማ።"

ክው አልኩ። ዝናቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ቁልቁል ሳይ አንጋጦ፣ ውሃው አፉ ውስጥ እየገባ፣ ይስቃል።

"አነሱ? ስጠኛ!"

ባትሪውን ነቀልኩት። "ተቋረጠ።"

"እሷስ? ምን አሉህ?"

"ደህና ናት" ብዬ ባቆም ምን ነበረበት? ይኼ አፌ ግን መች ያቆማል! "ተሽሏት ተነስታለች፣ ቶብ ግዛልኝ ብላለች" አልኩት።

"እማ? እሷ ሻሽ እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም!"

"አረንጓዴ። ዳር ዳሩ አበባ ያለው።"

አበባውን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ቁልቁለቱን ሙሉ ሲዘፍን ወረደ። ሁለቴ ወደቅኩ፣ ሁለቴም እሱ አነሳኝ። "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" ሲለኝ "በርዶኝ ነው" አልኩት።

ለካቦው ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው። "ነገ ማለዳ እናረዳዋለን፣ አንተ ብቻ አፍህን ያዝ" አሉኝ። ያዝኩ፤ አሁን ምን ዋጋ አለው! ሲነጋ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አስከትለው መጡ። የልጁ መኝታ ባዶ ነው። እኔ ሳልነቃ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄድ ትራክተር ተሳፍሮ ቶቡን ሊገዛ ሄዷል።

ካቦው "ልጄ፣ ምን ብለኸው ነው?" አሉኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አረሙን ትተው ቁጭ ብለው ጠበቁት።

ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ፣ ቶቡን ከነላስቲኩ ከፍ አድርጎ። "አገኘሁት! ባለ አበባውን!" አለኝ ከሩቅ። ከዚያ የተቀመጡትን አየ። በሥራ ቀን ሽማግሌ ተደርድሮ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። እጁ እንደተነሳ ቀረ።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉት ካቦው።

አልተቀመጠም። ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ አይኔን ጨፈንኩ። ቶቡን ደረቴ ላይ ለጠፈው።

"ያዘዝከው አንተ ነህ። ያዝ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ጭቃው ላይ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። ሸራችንን አመጣሁና በዱላ ወጥሬ ከላዩ ቆምኩለት፣ አልቅሶ እስኪደክመው።