ብረት የሚበላ ጭስ

ያኔ ዓረብ አገር ሳልዋ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤቱ የእኔ ነበር። የእኔ ስል ሽንኩርቱና ቃጠሎው ማለቴ ነው እንጂ ቤቱማ የማዳም ነው። አብራኝ አንዲት የሐይቅ ልጅ ትሠራ ነበር። እኔም ወሎዬ ነኝና እትዬ ትለኛለች፤ እኔም እንደ ታናሽ እህቴ እቆጣታለሁ። ኮሮና ገብቶ ሐዘር ሲታወጅ፣ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ሲባል፣ አመሻሹ ላይ ሳይረኑ መጮህ ሲጀምር ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኛለች። «አብሽሪ! የጅብ ጩኸት እየሰማ ያደገ ሰው ይኼን ይፈራል?» እላታለሁ። እኔው ራሴ መጋረጃውን እየዘጋሁ።

ማዳም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነላትም። እነሱ ሲርዳብ የሚሉት ምድር ቤት አለ፤ እዚያ በብርሃን እያቃጠለ የሚቀርጽ የሌዘር ማሽን አስገባች። ሥራው ቆዳ ላይ ጌጥ ማተም ነው። መጀመሪያ ማኅተሙ ይሠራል፦ መስታወት የሚመስል ወፍራም ፕላስቲክ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ብርሃኑ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ያቃጥለዋል፣ ያልተቃጠለው ጌጥ ሆኖ ጎልቶ ይቀራል። ከዚያ ቆዳው በእርጥብ ስፖንጅ ይታሻል፣ ማኅተሙ ይደፋበታል፣ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ይጨመቃል። ሲነሳ አበባ ወይ ጨረቃ ወይ የሕፃን ስም ቆዳው ላይ ሰርጉዶ ይገኛል። ማዳም የቁርዓን ሽፋን፣ ቦርሳ፣ የተምር ሣጥን ክዳን እያስደረገች በስልክ ትሸጣለች። ዘመድ ከዘመድ መገናኘት ስላልቻለ ሁሉም ስጦታ ላኪ ሆኖ ነበርና ገበያው ደራላት።

ማሽኑን የያዘችው ልጅቷ ናት። እጇ ወርቅ ነበር። እኔ አንድ ቀን ልሞክር ብዬ ምስሉን ሳልገለብጥ አስቀረጽኩት፤ ቆዳው ላይ ሲታተም ጨረቃዋ ፊቷን አዙራ ወጣች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ጨረቃዋ ተቀየመችሽ!» አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

ዒድ እየቀረበ ትእዛዝ ሲበዛ ፕላስቲኩ አለቀ። ፋሐሂል ያለው ሱቅ ደግሞ ተዘግቷል። ማዳም ወንድሟ ጋ ደወለች፤ እሱ ከተዘጋ ሱቁ ጓዳ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚለጠፍበትን ነጭ ሰሌዳ በመኪና ጭኖ አመጣ። ልጅቷ በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ «ይኼኛው ሌላ ነው» አለች። ማዳምም «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው፤ የላ፣ ጀምሪ» አለች።

የመጀመሪያው ሲቃጠል ሽታው ወጥ ቤት ድረስ ወጣ። እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ። መጸዳጃ ቤት የምናጥብበት አሲድ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚሸተው ነው፤ አፍንጫን ሳይሆን ጉሮሮን ነው የሚይዘው። ማሽኑ ጭሱን በመስኮት የሚያወጣ ቱቦ ነበረው። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ሴትዮ «ምንድን ነው የምታቃጥሉት?» ብላ ስትደውል ማዳም ደነገጠች። ቤት ውስጥ መነገዷ እንዳይታወቅባት ፈራች መሰለኝ። ቱቦውን ወደ ውስጥ አስገብታ መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስተር አስለጠፈችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

ልጅቷ መሳል ጀመረች።

በዚያ ጊዜ ሳል ማለት ምን ማለት እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። በመስጂዱ ድምፅ ማጉያ «በየቤታችሁ ስገዱ» የሚባልበት ጊዜ ነው። ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር የምትሠራ ጓደኛችን ትኩሳት ያዛት ተብላ በሌሊት ልብሷ ወስደዋት፣ ስልኳን ብንደውል ብንደውል አታነሳም። እኔ ለልጅቷ ፌጦ ደቁሼ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቼ አጠጣኋት። አፏን በሻሽ አፍና ትስላለች። ግን ሳል መች ይደበቃል? ማዳም ጓንትና ጭንብል አድርጋ ከደረጃው ላይ ቆመችና «ሐጅር! ሲርዳብ ትገለል፣ ማንም አይጠጋት» ብላ ፈረደች። በሽተኛን ለብቻ ማግለልን ሐጅር ነው የሚሉት። ፍራሹም ከማሽኑ አጠገብ ተነጠፈ። በማግስቱ ደግሞ «እዚያው ናት አይደል? በሽታ ሥራ አይከለክልም፣ ዒድ ደርሷል» አለች።

ኧረ በአላህ! ልጅቷ የሠራችውን ቆዳ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ማዳም መድኃኒት ረጭታበት ለደንበኛ ትልከዋለች። ዕቃዋ ንጹሕ፣ እሷ ርኩስ። እኔ ምግቧን ደፍ ላይ አስቀምጬ በሩ ሥር ተቀምጬ አወራታለሁ። «እትዬ፣ አየሩ ይነክሳል» ትለኛለች። «ኮሮና ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ አብሽሪ፣ ያልፋል» እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? ሌት ተቀን የማደርገው ዱዓ አንድ ብቻ ነበር፦ ያ ረቢ፣ ኮሮና አይሁን።

ለምኜ ለምኜ የማዳም ወንድም ለምርመራ በመኪናው ወሰዳት። እሷ ስትወጣ አንሶላዋን ልቀይር ብዬ ሲርዳብ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ መቀስ ነበር። ቆዳ መቁረጫ እንዲሆናት እኔው ነኝ የሰጠኋት፤ ሲያብለጨልጭ ከወረቀቱ አውጥቼ። ዝጎ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሻሿን የምታስርበት መርፌ ቁልፍ ትራሱ ላይ ተረስቶ ቡናማ ክብ ሠርቶበታል። የማሽኑን ክዳን ከፈትኩ፤ ብርሃኑ የሚመላለስበት ሐዲድ ልጣጭ ልጣጩን እየጣለ ነው። ሳልዋ ባሕር ዳር ነው፣ ብረት መዛጉ ብርቅ አይደለም። ግን እንዲህ በጥቂት ቀን፣ በተዘጋ ክፍል? ፈራሁ። ኮሮናን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁትም። ብረቱን እንዲህ ያደረገው አየር የልጅ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ነው የከረመው።

ውጤቱ በማዳም ስልክ መጣ። «ማፊ ኮሮና! አልሐምዱሊላህ!» ስትል ሳላስበው እልልታዬን አቀለጥኩት። ልጅቷም ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማዳም እልልታው እስኪያበቃ ጠበቀችና «እንግዲህ ጤነኛ ነሽ፤ ማደሪያሽ ወደ ላይ ይመለስ፣ ሥራሽን ግን ዛሬውኑ ቀጥዪ» አለቻት። ስንት ቀን ቆሜ የለመንኩት ዱዓ ነው እንግዲህ መልሶ እዚያ ጉድጓድ የከተታት።

ጭሱ ነው አልኳት። ሰሌዳው መርዝ ነው አልኳት። ማዳም ሳቀች። «ትናንት ኮሮና አላችሁኝ፣ ዛሬ ጭስ። ነገ ደግሞ ጂን ልትሉኝ ነው?» አለች። ልጅቷ እጄን ሳበችኝ። «ተይ እትዬ። ታባርረኛለች። አውሮፕላን የለ፣ የት ልሂድ?» ብላ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ግድግዳ እየተደገፈች ነው፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ሁለት ቃል ተናግራ ለሦስተኛው አየር ትፈልጋለች።

ንዴት ያዘኝ። ከዚያ ንዴቴን ዋጥኩና እንደ ማዳም አሰብኩ። ሳሎን ገብቼ «ማዳም፣ ማሽንሽ ታሟል» አልኳት።

«ምን ሆነ?» ብላ ብድግ አለች። ልጅቷ ያን ያህል ስትስል አንድ እርከን ያልወረደች ሴትዮ፣ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ደረጃውን ወረደች። ክዳኑን ከፍቼ ሐዲዱን አሳየኋትና «የሰሌዳው ጭስ ነው የበላው» አልኳት። «ወይ ማሽኔ! ወይ ማሽኔ!» አለች። የኤሌክትሪክ ገመዱን በገዛ እጇ ነቀለችው፤ ነጩን ሰሌዳ ሁሉ ግቢ አስጥላ፣ መስኮቱንም አስከፈተች። እሰይ ልበል ወይስ አንጀቴ ይረር? ሁለቱም ሆነብኝ።

ማዳም ያስጠራችው የማሽን ጠጋኝ የመጣው ሐዘሩ በማይሠራበት ረፋድ ላይ ነው። ዕድሜው የገፋ ሕንዳዊ ነው፤ አረብኛው እንደ እኛው የተሰባበረ። እኔና ልጅቷ መብራት እንድናበራለት ቆመናል። ሐዲዱን በጣቱ ጠረገ፣ ጣቱን አሸተተ፣ የፕላስተሩን ርዝራዥ መስኮቱ ላይ አየ። ጭንብሉን ጠበቅ አደረገና «ይኼ ሲቃጠል እዚህ ውስጥ ሰው ይቀመጥ ነበር?» ብሎ ማዳምን ጠየቃት።

«ማፊ» አለች ማዳም ቶሎ ብላ። «ማንም አልነበረም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «አለች! ይቺትና!» ብዬ ልጅቷን ወደ ፊት አቀረብኳት። «ትሠራም ታድርም የነበረው እዚሁ ነው!» ማዳም በዓይኗ ቆረጠመችኝ። ሰውዬው ልጅቷን ትክ ብሎ አያት። ማዳም ግን ጣልቃ ገብታ «ማሽኑ ይድናል?» አለችው።

እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ቆጠረላት። ሐዲዱ ይቀየራል፣ ብሎኖቹ ይቀየራሉ፣ መስታወቱ ተለውጦ ማራገቢያው አዲስ ይገባል። ከዚያ እንደ ድሮው ይሠራል። ማዳም ፊቷ በራ።

ልጅቷ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በአማርኛ «እትዬ፣ የእኔንም ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኩት። ደረቷን በእጄ እያሳየሁ፣ ባለኝ አረብኛ ሁሉ ጠየቅኩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

«እህቴ፣ እኔ የማውቀው የማሽን ነው» አለኝ።