ከዕቅድ በላይ የተበጠበጠ መድኃኒት

በደርግ ዘመን ነርስ ሆኜ ድሬዳዋ ስመደብ ሙያዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሶሻሊዝምን ከግሉኮስ ጋር መበጥበጥ ቀርቶኝ ኖሯል። እሱን የሆስፒታሉ ካድሬ አስተማረኝ።

ከማስታምማቸው አንዷ ከፊራ በሚባለው የድሬ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ነበሩ። ለጡታቸው ካንሰር የሚሰጣቸው መድኃኒት በመጀመሪያው ዙር አንጀታቸው እስኪገለበጥ አስመልሷቸው ነበር። ለሁለተኛው ዙር ቀጠሮ ሊይዙ ሲመጡ እጄን ይዘው፣ "አንቺ፣ እንደዚያን ቀን ካስመለሰኝ ወላሂ ሁለተኛ አታዪኝም" አሉኝ። ድሬዎች አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ግን ደገኛ ነኝና፣ "አይዞዎት እናቴ፣ ማስታገሻ አለን" አልኳቸው። እውነትም ነበረን፣ ካድሬው እጁን እስኪያስገባበት ድረስ።

በዚያው ሰሞን እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና ካድሬው በየክፍሉ ሶሻሊስታዊ የሥራ ውድድር አወጀ። "መድኃኒት በሽተኛን ይጠብቅ እንጂ በሽተኛ መድኃኒት አይጠብቅም!" ብሎ፣ ያለንን የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ሁሉ ብልቃጡን እያሰበረ የግሉኮስ ጠርሙሶች ውስጥ አስጨመረን። የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጠዋት ጨረስነው።

የመድኃኒቱ ካርቶን "ከብርሃን ይጠበቅ" ይላል። ከብርሃን የሚከልልልን ማቀዝቀዣ ግን በእንግዶቹ ለስላሳ ተጠቅጥቋል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ መስኮቱ ላይ፣ በዚያ በድሬ ፀሐይ ተሰለፉ። በጋዜጣ ልጠቀልላቸው ስል ካድሬው እየሮጠ መጣ።

"ምን እያደረግሽ ነው ጓድ? የሊቀመንበሩን ፊት ለትውከት መድኃኒት?"

ገጹን ገለጥኩት። ሊቀመንበሩ ውስጥም አሉ። ጀርባው ላይም አሉ። የስፖርቱ ገጽ ላይ ሳይቀር ዋንጫ ይሸልማሉ። ጋዜጣውን ትቼ ፎጣ አለበስኳቸው፤ እሱንም ገፈፈው። እንግዶቹ የሚመጡት ዝግጅታችንን ሊያዩ ነው፣ እንዴት ይሸፈናል? መድኃኒቱ ብርሃን እንደማይወድ ባስረዳው፣ "ከአብዮቱ ብርሃን የሚሸሸግ አድኃሪ ብቻ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ አድኃሪ የሚለው ቃል ከተጠራ ክርክር አይቀጥልም።

እንግዶቹ መጡ፣ ጠርሙሶቹን አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። ክፍላችን አንደኛ ወጣ።

ሴትዮዋ ተራቸው የደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ያልተበጠበጠ አንድም ብልቃጥ ስላልቀረን ከመስኮቱ አንዱን ጠርሙስ አውርጄ ሰቀልኩላቸው። መልኩ ውሃ ነበር፣ ሥራውም ውሃ ሆነ። እስኪመሽ ባልዲ ይዤላቸው ቆምኩ። ካድሬው በበሩ ብቅ ብሎ፣ "እንዴት ነን እናት?" አላቸው። አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ "አንተ፣ ያ መስኮት ላይ የደረደርከው መድኃኒት ነበር ወይስ ጌጥ?" አሉት። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ዙር አልመጡም። አዲስ ማስታገሻ ሲገባልን ከፊራ ወርጄ ሱቃቸው ሄድኩ። በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ከስተው፣ ከአንዲት ሽርጥ ገዢ ጋር ዋጋ እየተከራከሩ ነበር። ገዢዋ ስትሄድ፣ "ይምጡ እናቴ፣ አሁን አልጋዎት አጠገብ ቆሜ፣ እያዩኝ ነው የምበጠብጥልዎት" ብዬ ለመንኳቸው።

"አቦ ተይኝ" አሉ፣ ጨርቁን እያጠፉ። "በሽታውን ለምጄዋለሁ። የፈራሁት እናንተን ነው።"

እኔንም ከካድሬው ጋር አንድ ላይ "እናንተ" ማለታቸው አንገበገበኝ። እዚያው ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ።