እህቴ የምድር ወገብን የተሻገረችበት ሳምንት

በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት እህቴ ከመርከብ ላይ ደወለች። ባሕር ኃይል ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይሄ ግን ወደ ሩቅ አገር የመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር። እኛ እዚህ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ትሮይቪል ሰፈር ቤታችን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያውን ከበን ብርድ ላይ ነን፤ እሷ በአጭር እጅጌ ሆና ላብ ያጠምቃታል።

«ወደ ሌጎስ እየሄድን ነው! ሐሙስ የምድር ወገብን እንሻገራለን» አለች። «ተሻግሮ የማያውቅ ሰው የእንቁራሪት ልጅ ነው የሚባለው። ንጉሡ ፊት እንቀርባለን፣ ይቀቡናል፣ በዳዴ እንሄዳለን፣ የሆነ ነገር እንጠጣለን፤ ከዚያ በኋላ ዔሊ ሆንን ማለት ነው።»

«የምን ንጉሥ?» አለች እማዬ።

«የባሕር ንጉሥ። አንዱ አለቃችን ነው፣ የገመድ ጢም ለጥፎ።»

«እኔ ሰው ነው የወለድኩት፣ ዔሊ አልወለድኩም! ማተብሽን እንዳይነኩብሽ። ደሞ ጾም ነው፣ የሚያጠጡሽን እዪ!»

እኔ እየሳቅኩ ነበር። አባዬ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ስልኩን ከእማዬ እጅ ወሰደ። «አልሳተፍም በያቸው» አላት።

«አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ሁሉም ሰው...»

«እምቢ በዪ! ሰማሽ?»

ምን እንዳለች አልሰማንም፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አባዬ ራሱ የድሮ መርከበኛ ነው። የምጽዋን ሙቀት፣ ባልዲ ስለዋጠው ሻርክ፣ ሞምባሳ ስለበላው ማንጎ ስንት ጊዜ አውርቶልናል፣ በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ያን ዕለት ግን በስልኬ ካርታ ከፍቼ ሳይ ሞምባሳ ከምድር ወገብ በታች ናት። ማንጎው ጋ ለመድረስ መስመሩን መሻገሩ አይቀርም! ስለ እሱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብም አለፈ፤ ከእህቴ ድምፅ የለም። ቅዳሜ እንደ ልማዴ መሃል ከተማ ወዳለው ሱቃችን ሄድኩ። አባዬ ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው የሚሸጠው። አንዲት አሮጊት ለሁለት ሰው አልጋ የሚሆን ብርድ ልብስ ጠየቁት፤ እሱ መጋረጃ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ከፍተው ሲያዩት በአገሬው ቋንቋ ተገርመው «ሃይቦ፣ ፓፓ! ይሄን ለብሼ ልተኛ ነው?» ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት። እኔ ቀየርኩላቸው። አባዬ ይቅርታ እንኳ ሳይል ቆሞ ቀረ።

ሲሄዱ «አባዬ፣ መርከብ ላይ ምን አድርገውህ ነው?» አልኩት።

መጋረጃውን ማጠፍ ጀመረ። «እኔን ያደረጉኝ አይደለም የሚያስጨንቀኝ» አለ። «እኔ ያደረግኩት ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። መጀመሪያ የተሻገረ ጊዜ ግራሶና የተቃጠለ ዘይት ቀብተው፣ በእንጨት ምላጭ ላጭተው፣ የአንዱን ወፍራም የሞተር ክፍል ሠራተኛ ሆድ አስመውት፣ በቀትር በሚፋጅ የብረት ወለል ላይ በዳዴ ነዱት። መዳፉ ቆሰለ። ዔሊ ሆነ፣ ተጨበጨበለት። በዓመቱ ሲሄዱ ደግሞ አዲሶቹን የሚነዱበትን ገመድ የያዘው እሱ ነበር።

«አንድ አዲስ ባልደረባ ነበረን። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመና ‹ወንድሜ፣ በቃኝ› አለኝ። ‹ገና ነው› አልኩት። በእርጥብ ገመድ ጀርባውን ሸነቆጥኩት። እስከ መጨረሻው ሄደ። መዳፉ ተገሸለጠ፣ አንድ ሳምንት ማንኪያ መያዝ አልቻለም። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«ግን አንተንም እንደዛ አድርገውህ የለ?»

«እኮ! እያወቅኩት ነው ያደረግኩት።» መጋረጃውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ደግሞ መልሶ አወረደው። «የአባት ግፍ ልጅ ላይ ይወርዳል ሲባል አልሰማሽም? ይኸው፣ አሁን በዳዴ የምትሄደው የእኔ ልጅ ናት።»

እንደዚህ ያለ ነገር ይደርሳል ብዬ አላምንም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ትንሽ አመንኩ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ታክሲ ውስጥ ነን። እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች መሃል ተቀምጣለች፤ ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። የእማዬ ስልክ ጮኸ። እህቴ! ያውም በቪዲዮ። ጆሮዋ ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ሌጎስ ገባን! ዔሊ ሆኛለሁ!»

«ማተብሽን!» ብላ ጮኸች እማዬ። ሹፌሩ ዞሮ አየን። እህቴ ከአንገቷ ሥር ጎትታ አሳየች። «ተመስገን! ምን አጠጡሽ?»

«ኮምጣጤ፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያ። ወጥ ቤቱ ቀድሞ የማትበሉትን ጻፉ ብሎን ነበር። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ብዬ ጻፍኩ። ‹መቼም አትበይም?› አለኝ። ‹እስከ ማርያም በዓል ድረስ ብቻ› አልኩት። ሳቀብኝ፣ ግን የኔን ለብቻው ነው ያዘጋጀው።»

«ወጥ ቤቱን እግዜር ይስጠው! ከነዔሊነቱ!» አለች እማዬ። ከኋላችን የተቀመጠች ልጅ አንድም ቃል ሳይገባት አብራን ሳቀች።

አባዬ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሲቀበል ሰላም አላለም። «እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምን?»

«መዳፍሽን። ሁለቱንም።»

እህቴ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ ሁለት መዳፏን ዘረጋች። አረንጓዴ ናቸው እንጂ ሌላ ምንም የለባቸውም።

«ወለሉ አላቃጠለሽም?»

«ኧረ! ከቁርስ በፊት ነው ያደረግነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ፣ ደሞ ውሃ አፍስሰውበት፣ ምንጣፍ አንጥፈውበት። ነርስ አጠገባችን ቆማ። መግባት የማይፈልግ አይገባም፣ የገባም ከበቃው እጁን ያወጣል። አንዱ ልጅ መሃል ላይ እጁን አወጣ፤ ወንበርና ጭማቂ ሰጡት፣ ቁጭ ብሎ በእኛ ሲስቅ ነበር።»

«እሱ ዔሊ አልሆነም?»

«ሆነ እንጂ! የምስክር ወረቀቱን ሰጡት። ምን ልዩነት አለው? መስመሩን ተሻግሯል።»

አባዬ ስልኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። እህቴ «አባዬ? ትሰማኛለህ?» አለች።

«እሰማሻለሁ። ጎበዝ ልጄ።» ከዚያ ስልኩን መለሰልንና በመስኮቱ እያየ «እኛም ውሃ ነበረን እኮ» አለ። «ባሕሩ ሙሉ ውሃ ነበር።»

በዚህ መሃል መውረጃችንን አለፍን። እማዬ «አፍተር ሮቦት! አፍተር ሮቦት!» እያለች ጮኸች፤ እዚህ አገር የትራፊክ መብራትን ሮቦት ይሉታል፤ ሹፌሩ ከቀጣዩ አልፎ አወረደን። ሦስት ብሎክ ወደ ኋላ ተመልሰን በእግራችን ሄድን። እማዬ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ሳኒቦናኒ!» እያለች ሰላም ትላለች፤ እኔ ብርዱ ትዝም አላለኝ። በቃ ቀለል አለን!

ቤት እንደገባን አባዬ ስልኩን ሰጠኝ። የድሮ መርከበኞች በቴሌግራም ቡድን አላቸው። «እኔ ስጽፍ ቀን ይመሻል፤ አንቺ ጻፊልኝ» አለና በጣቱ አንድ ስም አሳየኝ። ያ በገመድ የሸነቆጠው ባልደረባው ነው፤ ሐዋሳ ይኖራል። ሁለት ዓመት እዚያው ቡድን ውስጥ አብረው ሲኖሩ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

አባዬ ረጅም ነገር ጀመረ፣ ስለ ወጣትነት፣ ስለ ጊዜው፣ ስለ አለቆቹ። ጻፍኩት። «አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። «አጥፊው» አለ። ሁለተኛውንም አጠፋን። በሦስተኛው እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ የምድር ወገብን ተሻገረች። እጇ ደህና ነው። ያንተ እጅ እንዴት ነው?»

ላክነው። እማዬ ሽሮውን አቀረበች፤ አባዬ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ የድምፅ መልእክት መጣ። አንድ ወፍራም ድምፅ ነው፤ «ኧረ ቶሎ ጠየቅክ!» ይላል። ከዚያ ረጅም ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር። «ደውል እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

አባዬ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ጃኬት አልለበሰም። እማዬ «ሂጂ ደርቢለት» አለችኝ፤ ወሰድኩለት። እየሰማ ነበር። ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግለት ዞር ብሎ አየኝና ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ «እየሰደበኝ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ግን እንዲህ ፈክቶ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።