ሁለቱ አረንጓዴ ምሰሶዎች

ሰሞኑን የግቢያችንን በር አረንጓዴ ሳስቀባ የቀለሙ ሽታ አምቦ ወሰደኝ፤ በደርግ ጊዜ ከቤታችን ፊት ለፊት ወደነበረው የጋሽ ሱልጣን ሱቅ።

ጋሽ ሱልጣን ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ቦርጫቸው ቀድሟቸው በር ይገባል። አቡጀዲ ለመለካት ጎንበስ ሲሉ እንኳ ስለሚያለከልኩ፣ ሱቅ ውስጥ መኖራቸውን የምናውቀው በትንፋሻቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ግን ቀጭንና ዝምተኛ፣ ምንም ቢመጣ የማይጣደፉ ሴት ነበሩ።

ባልና ሚስቱ ለዓመታት የለመኑት የሐጅ ጉዞ ፈቃድ በመጨረሻ ተገኘ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግን የጋሽ ሱልጣንን ልብ አዳምጦ፣ በዚህ ውፍረት ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ሙቀት በእግር እንደማይችሉት ነገራቸው። አቅም ያነሰው እዚያ በሰው ሸክም ይዞራል አላቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። «በእግሬ ካልሆነ ይቅርብኝ» አሉ።

የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ገመቹ መላ አመጡ። ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ቀጣዩ በሩጫ፣ ከዚያ እስከሚከተለው በእርምጃ፤ ስብ የሚቀልጠው ልብ በኃይል ሲመታ ነው ባይ ነበሩ። እትዬ ዘይነባ አልተዋጠላቸውም። ሳይቆሙ፣ ሳይቸኩሉ፣ በጉደር መንገድ ብዙ ርቆ መሄድ ይበልጣል አሉ።

ጋሽ ሱልጣን የሮጡ ዕለት ሰፈሩ ታመሰ። በዚያ ዘመን ወፍራም ነጋዴ ሲሮጥ ያየ ሰው ምን ያስባል? ፍተሻ መጣ ተብሎ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀምሮ በሩ ሁሉ ተዘጋ። እሳቸው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሲያለከልኩ፣ እትዬ ዘይነባ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ዞር ብለው ሳያዩ አለፏቸው። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

ከቀናት በኋላ፣ ሐጅ ደርሰው የመጡ አንድ ሽማግሌ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው መካ ስላሉት ስለ ሰፋና መርዋ ኮረብቶች አወሩ። በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ሲመላለሱ ወንዶች በሁለት አረንጓዴ ምልክቶች መሐል ሮጥ ሮጥ ይላሉ፣ የቀረውን ይራመዳሉ፤ ሴቶች ግን ከዳር እስከ ዳር እርምጃ ብቻ ነው አሉ። ጋሽ ሱልጣን ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ዘይነባ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ሱልጣን ከሱቁ በር የተረፈውን ቀለም ይዘው ወጡና ጉደር መንገድ ላይ ሁለት የመብራት ምሰሶዎችን አረንጓዴ ቀቡ። ቀበሌ ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ቲቸር ገመቹ ለስፖርት ነው ብለው አስለቀቋቸው።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሶላት መልስ አብረው ይወጡ ነበር። ጋሽ ሱልጣን አረንጓዴው ጋ ሲደርሱ ይሮጣሉ፤ ሁለተኛው ጋ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እትዬ ዘይነባ በራሳቸው እርምጃ ይደርሱባቸዋል። የጋሽ ሱልጣን ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፣ እሱም ሰፋ።

ከሐጅ ሲመለሱ ቲቸር ገመቹ ሰላምታው እስኪያልቅ አልጠበቁም።

«ኦቦ ሱልጣን፣ ሮጡ?»

«ሮጥኩ። ከዚያ ቆሜ ዘይነባን ጠበቅኳት።»

ሐጂ ሱልጣን ካረፉ ቆዩ። ባለፈው ዓመት አምቦ ሄጄ እትዬ ዘይነባን ጠዋት ጉደር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፤ እርምጃቸው ግን ያው ነው። የእንጨት ምሰሶዎቹ በሲሚንቶ ተተክተዋል፣ አረንጓዴው የለም። ሁለተኛው የነበረበት ቦታ ስንደርስ ቆሙ። የደከማቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አልደከመኝም ልጄ። ሐጂ ሁልጊዜ እዚህ ነበር የሚጠብቀኝ። አሁን እኔ ትንሽ ልጠብቀው።»

አጠገባቸው ቆምኩ።