ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ሾርባ

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ኮሪያዊት ባልቴት አሉ። ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው ኤጀንሲ የመደበላቸው ኬረር፣ ማለት አስታማሚ፣ እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አለብሳቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፤ ምሳቸውን ደግሞ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዘዙ እኔ እሠራለሁ። እማማ ነው የምላቸው። ትርጉሙን የነገርኳቸው ቀን አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ይሁን» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

እኔ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛዬንም የለቀምኩት ከአውቶቡስና ከሰው ቤት ነው። የእማማም እንግሊዝኛ ከኔ ብዙ አይርቅም። ለንደን ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ልብስ ስፌት ላይ ስለሆነ ከሰው ይልቅ ከስፌት መኪናው ጋር ነው የኖሩት። ሁለታችንም በያዝነው ቃል እንግባባለን፤ የጎደለውን በእጅ እንሞላለን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ውስጥ እማማ ጋዝ ላይ ድስት ጥደው ተኙ። ድስቱ አረረ፣ ጭሱ ደወሉን አስጮኸ፣ ጎረቤት መጣ። ከዚህ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። በማግስቱ ልጃቸው መጣ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ካምደን ሰፈር ቢሮ የሚሠራ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ወጥ ቤት ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ መርሳት ጀምራለች። ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ቼክ እያደረግኩ ነው። በዓሉ ይለፍና እንወስናለን» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የዚያ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። እሱ ሲወጣ እማማ ቴሌቪዥኑን ዘግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«በዓሉን የማሰናዳው እኔ ነኝ» አሉኝ። «አንቺ እጅ ትሆኚያለሽ። ሌላው እዚህ አለ።» በግራ እጃቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «አንዲት ነገር ከተሳሳትኩ፣ ወስዶ የፈለገበት ያስገባኝ።»

በዓሉ ቹሶክ ይባላል። የአገራቸው የመኸር በዓል ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ይዘዋወራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚውለው በኛ መስቀል አካባቢ ነው። እማማ እንደሚሉት በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ሥራ ዘግቶ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል፤ አዲስ የገባው ሩዝም በቅድሚያ ለሞቱት ይቀርባል። ይህ እንግዳ አልሆነብኝም። አባቴም ከእሸቱ ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ ወደ አፉ አያደርግም ነበር። የሚለየው እነሱ ገበታ ዘርግተው ሟቾቹን ራሳቸውን ምሳ መጋበዛቸው ነው። እማማ የሚጋብዙት ባላቸውን ነበር። ስትሮኩ ሳይመታቸው በፊት ሁሉን ብቻቸውን ይሠሩት ስለነበር እኔ አይቼው አላውቅም።

የገዛሁትን ሩዝ አቀረብኩላቸው። ከረጢቱ ውስጥ አፍንጫቸውን አስገብተው አሸተቱ።

«የዘንድሮ አይደለም። የአምና ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ይሁን፤ እሱም የአምና ሰው ነው፣ አይከፋውም» አሉ።

አብራኝ የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ ሆቴል ጽዳት ትሠራለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ የቤታችን ወሬም ሳቅም ከሷ ነው የሚመጣው። ማታ ነገሩን አጫወትኳት።

«ለሞተ ሰው ምሳ?» አለች።

«አዎ።»

«ይመጣል?»

«እሳቸው ይመጣል ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ሺፍትሽ ላይ ከመጣ ኤጀንሲሽ ይጨምርልሽ። የሁለት ሰው ኬረር ሆነሻላ።»

ሳቅን። ቆየት ብላ ኮስተር አለችና፣ «መሥራቱን ሥሪ። አትብዪ ግን። ለሙታን የተሠዋ ነው» አለችኝ።

«ተዝካርስ?»

«ተዝካር ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ተዝካር ላይ የሚበሉት ካህናቱና ነዳያኑ ናቸዋ። ሟቹ አይበላም።» ያለችው ለራሷም አልጣማት መሰለኝ፣ «ለማንኛውም አባን ጠይቂያቸው» ብላ ተነሣች። የንስሐ አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥራቸውን አየሁት፤ አፈርኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

በዋዜማው ሶንግፒዮን የሚሉትን ሠራን። የሩዝ ዱቄት በፈላ ውሃ ታሽቶ፣ በሰሊጥና በስኳር ተሞልቶ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ፣ በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት ይበስላል። ጥዱን ሰው እንዳያየኝ እየተሳቀቅኩ ከመናፈሻ የለቀምኩት እኔ ነኝ። በዓሉ የሚውለው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን ሆኖ ሳለ ምግቡ ለምን ግማሽ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሙሉዋ ከነገ ጀምሮ መጉደል ነው ሥራዋ። ግማሿ ገና ትሞላለች» አሉኝ።

የኔ እጅ የለመደው ሳምቡሳ ነው። ጠርዙን እንደ ሳምቡሳ እየቆነጠጥኩ ደረደርኩት። እማማ አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ይህን አሳምራ የሠራች ቆንጆ ሴት ልጅ ትወልዳለች ይባላል።» አገላበጡት። «ያንቺ ልጅ ጆሮ ብቻ ልትሆን ነው።»

እየሠራን የበዓሉን አመጣጥ ነገሩኝ። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ የከተማውን ሴቶች ለሁለት ከፍሎ አንድ ወር ሙሉ በሽመና ያወዳድራቸው ነበር አሉ። በመጨረሻው ቀን የሠሩት ታይቶ የተሸነፈው ወገን ላሸነፈው ደግሶ ያበላል። ድግሱም ዘፈኑም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። በኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም አልኳቸው። ከዚያ ደግሞ፣ «ታዲያ አሁን ወጥ ቤት ያለነው እኛ የተሸነፍነው ወገን ነን?» ብዬ ጠየቅኩ። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

«አሸንፋ ወጥ ቤት የገባች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

በዓሉ የዋለው ዓርብ ነበር። ጾም ስለሆነ ሥጋ የገባበትን አልቀምስም፤ በማሽተት ነው የምሠራው። እማማ ዓሣውን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ በእንቁላል የተጠበሰውን ዱባ አንድ በአንድ እያዩ አሳለፉ። መጨረሻ ላይ ሾርባው ተጣደ፤ በበሬ ሥጋና በጎደሬ የሚሠራ ነው። የኛን ጎደሬ ኮሪያ ድረስ የሚያውቁት መሆኑ ገርሞኝ ነበር። ሾርባው ሲንተከተክ እማማን መኝታ ቤት ወስጄ የበዓል ልብሳቸውን አለበስኳቸው። ፀጉሬን ራሴ አበጥራለሁ ስላሉ ትቻቸው ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ።

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ነጭ ሽንኩርት የለበትም። እዚያ ቤት ያለ ነጭ ሽንኩርት የሚሠራ ነገር አይቼ አላውቅም። በየሳምንቱ አንድ ሳህን ሙሉ እየላጥኩ እወቅጣለሁ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ጣቶቼ ይሸቱኛል። ስለዚህ ወደ ሐሳቤ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ረስተዋል። ሄጄ መንገር እችል ነበር። ነገር ግን ያን ቃል በዚያ ሰሞን ለእሳቸው የምናገረው እኔ መሆን አልፈለግኩም። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ሸፈን አድርጎ ማለፍ ነው ያደግኩበት። ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበት፣ አማሰልኩት፣ ከደንኩት።

እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ነጭ ሽንኩርት ማን ጨመረ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የረሱ መስሎኝ።»

ለሟች በሚቀርብ ምግብ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አይገባም። ከፍራፍሬም ኮክ አይቀርብም። መንፈስ ይሸሻቸዋል። እማማ ይህን ያልነገሩኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሚመስላቸው ነው። ሲነግሩኝ ወዲያው ገባኝ፤ በኛም አገር ለሕፃን አንገት ነጭ ሽንኩርት የሚታሰረው ቡዳ እንዳይቀርበው ነው።

አልተቆጡኝም። «አንቺም?» ብቻ አሉኝ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ተቀመጡ። ሥጋውም ጎደሬውም አልቋል፤ ሥርዓቱ ደግሞ በጠዋት መደረግ አለበት። እማማ ድስቱን አዩ።

«አቅርቢው» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ሙሉ በነጭ ሽንኩርት አፍ ሲስመኝ የኖረ ሰው ነው። ሞትኩ ብሎ ዛሬ ሊጸየፈው?»

ገበታው ወደ ሰሜን ይዞራል። ምሥራቁን እማማ ፀሐይ ከሰፈሩ ገበያ ማዕከል ጀርባ ስትወጣ አይተው ያውቁታል። ዓሣው በምሥራቅ፣ ሥጋው በምዕራብ፤ ቀዩ ፍራፍሬ በምሥራቅ፣ ነጩ በምዕራብ። እሳቸው በምርኩዙ ጫፍ ያመለክታሉ፣ እኔ አስቀምጣለሁ። አንድም ጊዜ አላመነቱም። ማንኪያውን ሩዙ ላይ እንድተክለው አዘዙኝ። የቤቱን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ደግፌያቸው እንደምንም ሰገዱ። ከዚያ ሟቹ እስኪበሉ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ከኮሪደሩ የሊፍቱ ድምፅ ይሰማል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ በልቤ አባታችን ሆይ ደገምኩ።

ልጃቸው የመጣው ለምሳ ነው። የእሱ ሃይማኖት ለሟች መስገድ ስለማይፈቅድለት ሁልጊዜ ከስግደቱ በኋላ ነው የሚደርሰው።

«በሩ ክፍት ነው» አለ ጫማውን እያወለቀ። የተናገረው ለኔ ነበር።

«አባትህ በየት ይግባ?» አሉት እማማ።

እሱ ገበታውን እየዞረ አየ፤ የዓሣውን ራስ፣ የፍራፍሬውን ቀለም፣ የሳህኖቹን ተራ። የልጅ የቤት ሥራ የሚያርም መምህር ይመስል ነበር። ምንም አላገኘም። ተቀመጠና ሾርባውን ቀመሰ። ማንኪያው አፉ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት።»

እማማ ወደ እኔ አላዩም። «ረሳሁ» አሉ።

ልጁ እጁን እጃቸው ላይ አሳረፈ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እማማ እንደዚያ ያሉት እኔን ከኤጀንሲው እንዳያስቀይረኝ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። በዚያ ቃል ምን ሊመጣባቸው እንደሚችልም ከኔ የተሻለ ያውቃሉ።

«እሳቸው አልረሱም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ፣ ሳያዩኝ። እርስዎ ‹መርሳት ጀምራለች› ስላሉኝ የረሱ መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ወዴት ማየት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ዓሣውን አየሁ። ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠ። ወደ እናቱ ዞረና፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኮኩስ የት አለ?» አላቸው።

«ምነው፣ አባትህን ልታባርረው ፈለግክ?»

ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ሾርባውን ጨረሰና እንደገና ጨምሪልኝ አለኝ። አባቱም እንዲህ በነጭ ሽንኩርት ነበር የሚወዱት አለ። እማማ ከሶንግፒዮኑ መሐል ጆሮ የሚመስለውን መርጠው ሰጡኝ። ሩዝና ሰሊጥ ነው፤ ጾም አይፈታም። ስለ ሌላው ብዙ አላሰብኩም፤ በላሁት።

ልጃቸው ሲወጣ ሊፍት ድረስ ሸኘሁት። ጋዙን አስነሥቶ በኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚያስቀይር ነገረኝ። የኬር ሆሙን ነገር አላነሣም።

«በላሽ?» አለችኝ ማታ አብራኝ የምትኖረው።

«በላሁ።»

«እና?»

«ስኳር በዝቶበታል።»

ዘንድሮም በዓሉን አብረን ነው ያሰናዳነው። በዋዜማው ነጭ ሽንኩርቱን ከማቀዝቀዣው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እማማ ከኔ ደብቀውት ነበር፤ ይህንንም ደስ እያላቸው ነገሩኝ። ሾርባው እንደ ሥርዓቱ፣ ምንም ሳይሸት ቀረበ። በማግስቱ ግን የት እንደደበቁት ጠየቅኳቸውና አላስታወሱትም። ሁለታችንም ቤቱን ሙሉ ፈለግን። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ለልጃቸው አልነገርኩም።